የማመቻቻ ክፍያው

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቤት ብድር ባንኩ ጥበቃ የምድር ቤቱን በር ሲከፍት መብራቱ እንደበራ አገኘው። አባ መዝገብ ከብረት ደረጃው ግርጌ በጎናቸው ተኝተዋል። ኮታቸው ወንበሩ ላይ በሥርዓት ተሰቅሏል። ጥበቃው መጀመሪያ ደክሟቸው ጋደም ያሉ መስሎት ነበር። ቀርቦ እጃቸውን ሲነካ ግን ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ዘለቀው።

እኔ ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሳጅን ነበርኩ። ዛሬ ሰዎች ኢንስፔክተር ብለው ሲጠሩኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ለእኔ ኢንስፔክተር ማለት እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጣቢያው ውስጥ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ጡረታቸው አራት ወር ቀርቶት ነበር። መኪናቸው አርጅታ፣ ጉልበታቸው አርጅቶ፣ ዓይናቸው ብቻ እንደ ወጣት የቀረ ሰው ነበሩ።

ጋሼ ደረጃውን ወርደው የሟቹን ፊት ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለሬሳ ኮፍያ ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይሄ ሰው አራተኛ ክፍል አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው» አሉኝ። «አባ መዝገብ ያልነው እኛ ነን። መምህራችን የስም መጥሪያውን ደብተር ለእሱ ሰጥተውት ነበር። አንድ ቀን ራሱ አርፍዶ መጣና ደብተሩን ከፍቶ ራሱን ቀሪ ብሎ ጻፈ።»

ካደጉ በኋላ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሠላሳ ዓመት ያህል አልተገናኙም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አለ ብዬ ስለማስብ ነው መሰለኝ አሉኝ።

ሐኪሙ የሟቹ ጭንቅላት ከደረጃው ጠርዝ ጋር መጋጨቱን አረጋገጠ። ነገር ግን የሸሚዛቸው ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው ወድቀዋል፤ ግራ ክንዳቸው ላይም የአራት ጣት ሰንበር ነበረ። ሰው ብቻውን ሲወድቅ ክንዱን የሚይዘው የለም። የሞቱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥበቃው ሰዓቱን አጠበበልን። ቅዳሜ ባንኩ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አባ መዝገብ ግን ሥራ ስላላለቀላቸው ቆዩ። በስምንት ሰዓት ሻይ ወስዶላቸዋል፤ አመስግነው ተቀብለውታል። በአሥር ሰዓት ብርጭቆውን ሊወስድ ሲሄድ የምድር ቤቱ በር ተቆልፏል፣ ቢያንኳኳም መልስ የለም። ምድር ቤቱ ያለው የኋላ በር ከውስጥ ወጥተው ሲዘጉት ራሱ የሚቆለፍ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የወጡ መሰለውና ተወው። ይህን ሲነግረን ኮፍያውን በእጁ እየጨመቀ ነበር። «ትንሽ ጠንከር አድርጌ ባንኳኳ» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ከዚያ ያነጋገርነው የብድር ሹሙን ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጥርት ያለ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለጆሮ የሚለሰልስ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ሥራ ሲጀምር ያሰለጠኑት አባ መዝገብ መሆናቸውን ነገረን። ቅዳሜ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ በብድሯ ተናዳ መጥታ ባንኩን በጩኸት እንደሞላችው፣ አባ መዝገብም ሊያረጋጓት ወደ ምድር ቤት ይዘዋት እንደወረዱ ተናገረ። ስትወጣ አላያትም። እሱ በሰባት ሰዓት ወጥቶ ሴትዮዋ ልትገዛው ያሰበችውን ቤት ለግምት ሊለካ ሄዷል፤ የተመለሰውም ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። የቤቱን ልኬት የጻፈበትን ወረቀት አወጣልን። የቅዳሜ ቀን ተጽፎበታል።

ጋሼ አድራሻውን አዩና ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ይሄ የአናጺው ቤት አይደለም እንዴ?»

ሹሙ የቀድሞውን ባለቤት እንደማያውቅ ነገራቸው። «ግን ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ» አለ። «ሙቀቱ ሲበረታብኝ ጥላው ስር ቁጭ ብዬ ነው ቁጥሮቹን የጻፍኩት።»

የጋሼ ፊት ፈካ። ከዚያ ማንጎ ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ አናጺው መሰላል ይዘው መጥተው «ሌባ ከሆናችሁ አይቀር ሳትሰበሩ ስረቁ» እንዳሏቸው ለሹሙ አጫወቱት። አባ መዝገብ ከሥር ቆመው የተሰረቀውን ፍሬ ይቆጥሩ ነበር አሉ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው እዚያ ነው። የሹሙንም እጅ ጨበጡና ወጣን።

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው በሁለት ሱቆች መሀል በተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ክምር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አንገቷ ላይ ሜትር የተንጠለጠለባት ሴት ነበረች። የአባ መዝገብን ሞት ስንነግራት መቀሷን አስቀመጠች።

ከዚያ የብድሩን ነገር ከሥሩ ነገረችን። የምትገዛው ቤት አናጺ አባቷ በእጃቸው የሠሩት ነው። ዓይናቸው ሲደክም ሥራ አቆሙ፤ እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ቤቱን ሸጡት። ዋጋው ዛሬ ሁለት ሚሊዮን ነው። ባንኩ ከዋጋው ሃያ በመቶ ቅድመ ክፍያ ላመጣ ሰው በዝቅተኛው ወለድ ያበድራል። እሷም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልክ አራት መቶ ሺህ አጠራቀመች፤ ቀሪው አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ በብድር ይሆናል ማለት ነው። ደስ ብሏት ስትሄድ ሹሙ የማመቻቻ ክፍያ የሚባል ነገር እንዳለ ነገራት። የብድሩ ሁለት በመቶ፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ። ሌላ ገንዘብ ስላልነበራት ከቅድመ ክፍያዋ ቀንሶ በእጁ ተቀበላት፤ ደረሰኝም ሰጣት።

ዓርብ ዕለት የብድር ደብዳቤው ደረሳት። ቅድመ ክፍያዋ ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት ሺህ ሆኗል፤ ከሃያ በመቶ በታች ወርዷል። ስለዚህ ወለዱ ወደ ከፍተኛው እርከን ተሻግሯል። የወር ክፍያው ከአቅሟ በላይ ሆነ። የቤቱ ሻጭ የሰጣት ቀን ደግሞ አሥር ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

«የጮህኩት እውነት ነው» አለች። «እሳቸው ግን ውሃ ሰጡኝ። ሰኞ ተመለሺ፣ እስከዚያ ምንም ወረቀት እንዳትፈርሚ አሉኝ።»

ጋሼ ከዚያ የት እንደሄደች ጠየቋት። ቤቴ ገባሁ አለች፤ ስትናገር ግን የምታየው የመኪናዋን መርፌ ነበር። እኔ ደግሞ ያየሁት ክንዷን ነው። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የተዘረጋ ትኩስ ጭረት ነበረ። ስጠይቃት መቀስ ነው አለች። መቀስ እንደዚያ አይጭርም።

ከጋሼ ጋር ወደ መኪናው ተመለስን። እሳቸው የሚኖሩት ወላጆቻቸው ባወረሷቸው ቤት ነው፤ ብድር የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ግን ያኔ ለአንዲት ክፍል ቤት እያጠራቀምኩ ስለነበር የባንኮቹን ወረቀት ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ለመበደርም ይከፈላል?» አሉኝ።

«ይከፈላል ጋሼ።»

«ታዲያ እሱ ብድር ነው ወይስ የመግቢያ ትኬት?»

በዚያ ባንክ ደንብ ተበዳሪው ክፍያውን በሁለት መንገድ ሊፈጽም እንደሚችል አስረዳኋቸው። አንደኛው ወዲያው በእጅ መክፈል ነው፤ ከቅድመ ክፍያው ከተነሳ ግን እንደ ሰፊዋ ወለዱን ሊያስወድድ ይችላል። ሁለተኛው ብድሩ ላይ ማስጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ኪስ አይነካም፣ ነገር ግን ክፍያው ራሱ ለሃያ ዓመት ወለድ ይወልዳል፤ ሠላሳ ሁለት ሺሁ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ያልቃል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አናጺው ምስማር እንኳ ሲገዛ ቆጥሮ ነበር የሚገዛው» አሉ።

በማግስቱ የቤቱን ሻጭ አገኘነው። ሰፊዋ ቀኑ ካለፈባት አብልጦ የሚሰጥ ገዢ እንዳለው ደርሰንበት ስለነበር ጠርጥረነዋል። እሱ ግን ቅዳሜ ከአምስት ሰዓት እስከ ምሽት ሆስፒታል ውስጥ የታመመ ወንድሙን ሲያስታምም ነበር፤ ነርሶቹም መሰከሩለት። የቤቱን ቁልፍ ዓርብ ለብድር ሹሙ ሰጥቶ ሰኞ ተቀብሏል። ይህም የሹሙን ቃል አጠናከረ።

ወደ ባንኩ ስንመለስ የሰፊዋ ፋይል ከመደርደሪያው ጠፍቷል። ሹሙ አንገቱን ደፍቶ፣ ለማለት ባልወድም ምናልባት ሴትዮዋ ይዛው ሄዳ ይሆናል አለ። እኔ አመንኩት። ጭረቱ፣ ውሸቱ፣ ንዴቱ፣ አሁን ደግሞ ፋይሉ። ለጋሼም እንያዛት አልኳቸው።

እሳቸው የአባ መዝገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተቀረጹትን እርሳሶች፣ በመጠን የተደረደሩትን ማኅተሞች አንድ በአንድ አነሷቸው፣ መልሰውም በቦታቸው አኖሯቸው።

«ራሱን ቀሪ ብሎ የሚጽፍ ሰው ፋይል አይጠፋበትም» አሉኝ። «ከደበቀም ደንብ ሳይጥስ ነው የሚደብቀው። እስቲ ደንቡ ምን ይላል?»

የፋይል አያያዝ መመሪያው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አራተኛው ተራ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ቤት ላይ የተከፈቱ ፋይሎች፣ የተዘጉትም ቢሆኑ፣ በአንድነት ይቀመጡ። ማንም የማይሠራበት አሮጌ መመሪያ ነው። ጋሼ አንብበው ተነሡ። በምድር ቤቱ ጥግ የድሮ ብድሮች ሳጥኖች አሉ። ሁለት ሰዓት ያህል አቧራ ከዋጥን በኋላ የአናጺውን ብድር አገኘነው። አናጺው ቤቱን ሲሠሩ ተበድረው፣ አንድ ወር ሳያዛንፉ ከፍለው የጨረሱት ነው። በውስጡ የልጃቸው አዲስ ፋይል ታጥፎ ተቀምጧል።

የብድር ደብዳቤውን ቅጂ አወጣሁና ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የቤቱ ዋጋ ሁለት ሚሊዮን። ቅድመ ክፍያ ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት ሺህ። ብድር አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ስልሳ አራት ሺህ። ቀነስኩ፣ ደግሜ ቀነስኩ። ለቤቱ የሚያስፈልገው ብድር አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ ተርፏል።»

«የት ሄደ?»

«ማመቻቻ ክፍያው ብድሩ ላይ ተጨምሯል። በእጇ የከፈለችው ደግሞ ባንኩ ጋ አልደረሰም። ሁለት ጊዜ ነው ያስከፈሏት።»

በደብዳቤው ጀርባ አባ መዝገብ በእርሳስ ይህንኑ ስሌት ሠርተውታል። ከሥሩ የዘጠኝ ሌሎች ተበዳሪዎች የፋይል ቁጥር አለ። ሁሉንም አወጣናቸው፤ በሁሉም ላይ ያው ነው። የሌሎቹ ቅድመ ክፍያ ከሃያ በመቶ በጣም የበለጠ ስለነበር ቢጎድልም እርከኑ አልተነካም፤ ማንም ልብ አላለም። የሰፊዋ ግን ልክ በልኩ ስለነበረ ጉድለቱ ጮኸ። በሁሉም ላይ የፈረመው ሹሙ ነው።

ነገር ግን ሹሙ ቅዳሜ ማንጎው ስር ነበር። ሰፊዋ ደግሞ ዋሽታናለች።

ወደ እሷ የሄድነው የአባቷን ፋይል ይዘን ነው። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ጠረጴዛዋ ላይ ከፈቱላት። የአባቷን ፊርማ ስታይ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው።

«አንቺ ትንሽ ሆነሽ አውቅሻለሁ» አሏት ጋሼ። «ከቤታችሁ ጀርባ ነበርን። አባትሽ ከተሰነጠቀ በር ሳጥን ሠርቶ ሰጥቶኛል። ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ከባንኩ ወጥታ በእግሯ ወደ ቤቱ ሄዳለች። ተከራዮቹ ከወጡ ሰንብተዋል። ቤቱ ካመለጣት አንድ ጊዜ እንኳ ልሰናበተው ብላ፣ ልጅ ሳለች ታደርገው እንደነበረው የኋላውን አጥር ዘለለች። ክንዷን የጫራት ሽቦው ነው። የሰው ግቢ በአጥር ዘልዬ ገባሁ ብሎ ለፖሊስ መናገር አሳፍሯት ዋሸች። ከሰባት ሰዓት እስከ ጀምበር መጥለቂያ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«ማን መጣ?» አልኳት።

«ማንም አልመጣም።»

«ማንጎው ስር ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው አላየሽም?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «የቱ ማንጎ? ጠዋት ቆርጠውታል እኮ። እኔ ስደርስ ሰዎቹ መጋዙን ተሸክመው እየወጡ ነበር። እኔ ራሴ የተቀመጥኩት ጉቶው ላይ ነው።»

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያን ያህል ደክሟቸው ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«አየሽ ሳጅን፣ ዛፉን ስለምወደው ሰውየውን አመንኩት» አሉኝ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤቱ ሄድን። ጉቶው እንደ ገበታ ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን የመጋዝ ብናኝ አልብሶታል። ሻጩን ስንጠይቀው እንጨት ፈላጮቹ እሱ በሰጣቸው የግቢው በር ቁልፍ ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ገብተው ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ መጨረሳቸውን፣ ግንዱንም መሸጡን ነገረን። ቤቱን ሳይሸጥ ጥላውን ሸጧል። ፈላጮቹም ይህንኑ መሰከሩ፤ ሲወጡ በር ላይ ያገኟትን ሴትም አስታወሱ። ሹሙ ቤቱን የለካው ዓርብ፣ ቁልፉን በተቀበለ ሰዓት ነበር። ወረቀቱ ላይ የቅዳሜን ቀን የጻፈው በኋላ ነው።

ሹሙን ቢሮው ውስጥ አገኘነው። ጋሼ ስለ ቅዳሜው እንደገና እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ እሱም አንድ ቃል ሳይለውጥ ደገመው። ሙቀቱን፣ ጥላውን፣ ሌላው ቀርቶ ጫማው ላይ የወደቀችውን ቅጠል።

«ጥላው የወደቀው በየት በኩል ነበር?» አሉት ጋሼ በዝግታ።

«በበሩ በኩል።»

«ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ግቢ ውስጥ ጥላ የለም ልጄ። ዛፉ ወድቆ ነበር።»

ጋሼ አሥሩን ፋይሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። ከፍተው አላሳዩትም፤ አላስፈለገም።

ሹሙም ነገሩን አወጣው። በእጁ የሚቀበለውን ክፍያ የራሱን የሐሰት ደረሰኝ እየቆረጠ ለራሱ ይወስዳል፤ ለባንኩ የሚገባውን ደግሞ ብድሩ ላይ ይጨምረዋል። ቅዳሜ በስምንት ተኩል ገደማ አባ መዝገብ በስልክ ጠርተውት በኋላው በር አስገቡት። ሊከሱት አልነበረም የጠሩት፤ እስከ ሰኞ ለአሥሩም ሰዎች ገንዘባቸውን እንዲመልስና ራሱ ለሥራ አስኪያጁ እንዲናገር ሊነግሩት ነበር። እጃቸው ላይ የነበረው ወረቀት ፋይሉ መሰለውና ክንዳቸውን ይዞ ጎተተ። ደረጃው ላይ ነበሩ።

«ልገድላቸው አልፈለግኩም» አለ። «ሰው የቤቱን ዋጋ ያያል፣ ወለዱን ያያል። ያችን መስመር ማንም አያነባትም ብዬ ነው።»

«ሲወድቅ በሕይወት ነበር?» አሉ ጋሼ።

ሹሙ ሁለት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። እኔ ካቴናውን አወጣሁ።

ባንኩ ለሰፊዋ ሠላሳ ሁለት ሺሁን መለሰላት፤ ቅድመ ክፍያዋ ወደ አራት መቶ ሺህ፣ ወለዱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አዲሱ ሹም የማመቻቻ ክፍያውን እንዴት እንደምትከፍል ሲጠይቃት እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ብድሩ ባይፈቀድ ይመለስልኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ብድሩ ላይ ቢጨመር በሃያ ዓመት ስንት ይሆናል ብላ ጠየቀች። መልሱን ሰምታ ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዋንና ያላትን ጥቂት ወርቅ ሸጠች፤ ቅድመ ክፍያዋን ሳትነካ በእጇ ከፈለች፤ የባንኩን ደረሰኝም ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈችው።

ቁልፉን በተቀበለች በሳምንቱ ጋሼና እኔ ሄድን። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ እግራችን ሲረግጥ ያስተጋባል። እሷ ከበር በር እየሄደች አባቷ የሠሯቸውን መቃኖች ትዳስሳለች። ጋሼ ስለ ሰፈሩ ሰዎች አወሩላት፤ ማን የት እንደሄደ፣ ማን እንደሞተ፣ አባ መዝገብ ለአንዲት ጎረቤት ደብዳቤ ጽፈው ሳይሰጧት እንደቀሩ። አብዛኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር።

ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ቆመችና አንድ ነገር ላስቸግርዎ አለቻቸው።

«አባዬ እንጨት ሲልግ የሚያፏጨው ነገር ነበር። ድምፁ አለ ጆሮዬ ውስጥ፣ ዜማው ግን ጠፋኝ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብቀመጥ አልመጣልኝም። እርስዎ ያስታውሱታል?»

ጋሼ አፈሩ። አራት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ሲያንጎራጉሩ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ኮፍያቸውን በእጃቸው አዙረው አዙረው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡና ጀመሩ። መጀመሪያ አየር ብቻ ነበር። ከዚያ መጣ፤ አጭር፣ ሦስት ጊዜ ወጣ ብሎ አንድ ጊዜ የሚወርድ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዜማ። መሀል ላይ ሳቱ፣ አስተካከሉት፣ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

እሷ ግንባሯን መቃኑ ላይ አስደግፋ ትሰማ ነበር።

«ይድገሙልኝ» አለች።

ጋሼ ደገሙላት።